አጠገባችን የቆመው ማን ነው?



ስለ ጾም ምግብና ስለ ጾም ሰዓት በዚህች ጽሑፍ አላነሣም፤ ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ባለፈው እሑድ ስታስቀድሱ በቀኛችሁ የቆመው ማን ነበር? በግራችሁስ? መልኩን ወይም የነጠላውን ጥለት አይደለም የምጠይቀው። ስሙን ነው። ሰፈሩ የት ነው? ሥራ አለው? እናቱ በሕይወት አለች? ድንገት ቢቀር መቅረቱን የምታውቁት በስንተኛው እሑድ ነው?

ይህን የምጠይቀው እኔ መልሱ ኖሮኝ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው ያደግሁት፣ ክህነትም ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ይህን ጥያቄ ያነሡብኝ በደብራችን በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው የሚቀመጡ አንዲት እናት ናቸው። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ወደ ወንጌሉ እንሂድ።

ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው የዐቢይ ጾምን እሑዶች በየስማቸው ሲጠራ አራተኛዋን መጻጉዕ ብሏታል። መጻጉዕ ማለት ድውይ፣ በሽተኛ ማለት ነው። በዚያች ዕለት የሚነበበው ወንጌል በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ስለ ነበረው፣ ለ38 ዓመት በደዌ ስለ ተያዘው ሰው የሚናገረው ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አምስት መመላለሻ ባለው በዚያ ስፍራ ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለ ብዙ ሕመምተኞች ይተኙ ነበር። መልአኩ ውኃውን ሲያናውጠው ቀድሞ የገባ አንድ ሰው ይድናል። ጌታችንም ወደዚያ ሰው ቀርቦ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው።

እስቲ ልብ በሉ። ጥያቄው አጭር ነው፤ አዎን ወይም አይደለም የሚያሰኝ ነው። ሰውየው ግን አዎን አላለም። ስለ እግሩም ስለ ወገቡም አላወራም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ የመለሰው ስለ ሰው ማጣቱ ነው። ያን ያህል ዘመን በልቡ ሲብላላ የኖረው ይህ ነበርና፣ ጠያቂ ሲያገኝ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው እርሱ ሆነ።

ይህን የተናገረው በምድረ በዳ ቢሆን ኖሮ ባልደነቀን ነበር። ነገር ግን በኢየሩሳሌም ከተማ፣ በበጎች በር አጠገብ፣ ያውም በበዓል ሰሞን ነው። ግራ ቀኙ ሰው ነው። ከሰው መካከል ተኝቶ ሰው የለኝም አለ። እንዴት ሊሆን ቻለ? እኔ እንደሚመስለኝ ክፋት ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የሚድነው ቀድሞ የገባ አንድ ሰው ስለሆነ እያንዳንዱ ዓይኑን የተከለው ውኃው ላይ ነበር። አጠገቡ የተኛው ጎረቤቱ የሕመም ጓደኛው መሆኑ ቀርቶ ተሽቀዳዳሚው ሆነ። ለመዳን የመጡ ሰዎች፣ በመዳን ጉጉት የተነሣ፣ አይተያዩም ነበር። በንግሥ ቀን ጠበል ለመቀዳት ወረፋ ይዞ ጀሪካን ለጀሪካን ሲገፋፋ የዋለ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ሁላችንም ለበረከት መጥተን የሌላውን እግር ረግጠን እናልፋለን።

አሁን ወደ ተባለው ታሪክ ልመለስ። በደብራችን በወንዶች በኩል ሁለተኛው ዓምድ ሥር የሚቆሙ አንድ አባት ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ከኪዳን ጀምሮ ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ቁጭ አይሉም። ለአራት ዓመት በየእሑዱ አይቻቸዋለሁ። ሳልፍ እጅ እነሣለሁ፣ እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ይኸው ነው። የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ያ ቦታ ባዶ መሆኑን አየሁ። አገር ቤት ሄደው ይሆናል ብዬ ተውሁት። በሦስተኛው እሑድም የሉም። ልጠይቅ ፈለግሁ፤ ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? ስማቸውን አላውቅም። ጽሕፈት ቤት ገብቼ «እኚያ ዓምዱ ሥር የሚቆሙት ሽማግሌ» ብል የነበረው ሰው ሳቀብኝ። «ኧረ ዲያቆን፣ ስንት ሽማግሌ አለ ብለህ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔስ ብሆን ምን እመልስ ነበር?

ስወጣ በሩ ላይ የሚቀመጡትን እናት ጠየቅኋቸው። ገና ንግግሬን ሳልጨርስ ስማቸውን ጠሩልኝ፤ ያውም ከነክርስትና ስማቸው። «እግራቸው አብጦ ከተኙ ቆዩ እኮ! ከጥምቀት በኋላ አልወጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ የምቀዳላቸው እኔ ነኝ» አሉኝ። ከዚያም ወደ ላይ ቀና ብለው፣ ቁጣም ስድብም በሌለው ድምፅ፣ «እናንተ ግን እዚያ ውስጥ ስትቆሙ አትተያዩም እንዴ የኔ ልጅ?» አሉ።

ምእመናን ሆይ፣ የሁለት ሳምንት ጉዳይ የመሰለኝ ነገር ሰባት ሳምንት ሞልቶት ነበር። አምስቱን ሳምንት መቅረታቸውን እንኳ አላስተዋልሁም። በእነዚያ እሑዶች ሁሉ በሙሉ ልብስ ሆኜ ቀድሻለሁ። ምናልባትም ስለ ፍቅር ሰብኬ ይሆናል፤ አላስታውስም።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከአንድ ግቢ ጀርባ የተከራዩዋት አንዲት ክፍል ናት። ስገባ ሊነሡ ሞከሩ፣ እባክዎ አባቴ ብዬ አስቀመጥኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ የክርስትና ስሜን ነው። ነገርኋቸው። «እሰይ» አሉ። «እስከ ዛሬ በጸሎት ሳስብህ ያ ቀጭኑ ዲያቆን እያልኩ ነበር። እግዚአብሔርስ ማንን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ያሳፍራል።» እኔ ስማቸውን ሳላውቅ ለአራት ዓመት ያለፍኋቸው ሰው፣ እርሳቸው ስሜን ሳያውቁ ለአራት ዓመት ሲጸልዩልኝ ኖረዋል። በዚያች ክፍል ውስጥ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አጠገቤ የቆመው ሰው በእውነት ያገባኛል ወይ? ካላወቅሁት በደል ሆኖ ይቆጠርብኛል? ወይስ ትሩፋት ነው፣ ማለትም ያደረገው የሚመሰገንበት፣ ያላደረገው ግን የማይወቀስበት?

ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ «እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለእግዚአብሔር ብዬ ነው እንጂ ለሰው ብዬ አይደለም። ጸልዬ፣ ስሜ፣ ተሳልሜ እመለሳለሁ።» ይህ አባባል የሚናቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚናገሩት በሰው ተጎድተው የተሸሸጉ ሰዎች ናቸው። ደግሞም ቅዳሴ መካከል ወሬ ከማውራት ዝም ማለት በስንት ጣዕሙ! ሰው ለማየትና ለመታየት የሚመጣማ ምን ይባላል። በጸጥታ መቆም፣ ዓይንን ወደ ምሥራቅ ማድረግ፣ ልብን መሰብሰብ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ያው ሥርዓት ራሱ ብቻችንን አይተወንም። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም እንዲባባል በዜማ ያዝዛል። በዚያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? ወደ ቀኝ ዝቅ፣ ወደ ግራ ዝቅ፣ ዓይናችን ምንጣፉ ላይ፣ አለቀ። ሰላም ያልነው ማንን እንደሆነ ብንጠየቅ አንመልስም። ያን ትእዛዝ የማዜመው እኔ ነኝና ከማንም በላይ ራሴን እወቅሳለሁ። ጌታችን ያስተማረን ጸሎትም ቢሆን «አባቴ» ብሎ አይጀምርም። ብቻዬን በቤቴ ስደግመው እንኳ ሌሎችን ይዞ ነው የሚገባው፤ እንጀራውን ስለምን ለእኛ እላለሁ፣ ይቅርታውን ስለምን ለእኛ እላለሁ። ይህ «እኛ» ማን ነው? ስም የሌለው ሕዝብ ነው? ወይስ ዓምዱ ሥር የቆሙት አባትም አሉበት?

በዘፍጥረት ወንድሙን የገደለው ቃየል ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ፣ ጠባቂው መሆን አለመሆኑን መልሶ ጠየቀ (ዘፍ. 4፥9)። እኛ አልገደልንም፤ ስለዚህ የእርሱ ንግግር የማይመለከተን ይመስለናል። ግን የጠየቀውን ጥያቄ ደጋግመን እንጠይቃለን። በእኛ አፍ «ምን አገባኝ» ይባላል።

እስቲ ስለ ራሴ ማዕርግ ትንሽ ልናገር። ዲያቆን ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ ቃጭሉ፣ መስቀሉ፣ ጃንጥላው፣ ዜማው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ግን አንብቡት። ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በአንድ ቅሬታ የተነሣ ነው። የምእመናን ቁጥር በዝቶ ሳለ ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለቱ እደላ እንደ ተዘነጉባቸው አጉረመረሙ። ማንም ሆን ብሎ አልከለከላቸውም ይሆናል፤ ሰው ሲበዛ ተረሱ እንጂ። ቤተ ክርስቲያን ገና ጠዋት ላይ ሳለች የገጠማት ፈተና ይኸው የኛው ነበር። ሐዋርያትም «ምን እናድርግ፣ ሕዝቡ በዝቷል» ብለው አልተዉትም፤ እነ ቅዱስ እስጢፋኖስን አስመርጠው እጅ ጫኑባቸው። የዲቁና መነሻው የተረሳን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው ማለት ነው። ዲድስቅልያም ዲያቆን ለኤጲስ ቆጶሱ ዓይንና ጆሮ እንዲሆን ያዝዛል። ዓይን የተባለው እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ሰባት ሳምንት ያላየሁት።

ይህ የካህናት ሥራ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት ግን አደራ። ጌታችን ሐዋርያትን ሲልካቸው ሕዝቡን ደቀ መዛሙርት እንዲያደርጉ ነው ያዘዛቸው (ማቴ. 28፥19)። ደቀ መዝሙር የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ነው፤ ደቅ ማለት ልጆች ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ ልጅነት አለ፤ ልጅ ካለ ደግሞ አሳዳጊ አለ፣ ቤት አለ። በዛሬው ጊዜ ስብከት የጎደለበት ሰው የለም። ድሮ በካሴት፣ በኋላ በቪሲዲ፣ አሁን ደግሞ በዩቲዩብና በቴሌግራም፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን ሦስት ስብከት ሰምተን እንወርዳለን። መልካም ነው፣ እኔም እሰማለሁ። ነገር ግን ስልኩ ትናንት ከወንድሜ ጋር እንደ ተጣላሁ አያውቅም። ጾሙን በሦስተኛው ቀን ብፈታ «ምነው?» አይለኝም። ሰሚ ለመሆን ጆሮ ይበቃል፤ ደቀ መዝሙር ለመሆን ግን የሚያውቀን ሰው ያስፈልጋል።

ዜማ ቤት ሳለሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ማታ ማታ ሁላችን በጨለማ ቁጭ ብለን የየራሳችንን ቀለም ስንል፣ ለማያውቅ ሰው የንብ ቀፎ ነው የሚመስለው። እርሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ ድምፅ ሲጎድል ያውቃሉ። «እገሌ የት ሄደ?» ይላሉ። አንድ ክረምት ወባ ያዘኝና ሦስት ሳምንት ከጎጆዬ አልወጣሁም። ያን ማታ የጎደለው የኔ ድምፅ ነበር። የኔታ ጎረቤቴን ጠርተው «የእርሱም አኩፋዳ ያንተ ነው» አሉት። ከእኔ ሁለት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። በእኔም በእርሱም ስም እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ሁለት መንደር ዞሮ የሁለት ሰው ቁራሽ ይሰበስብ ነበር። ማታ ደግሞ ከራስጌዬ ቁጭ ብሎ የቀኑን ቀለም ደጋግሞ ይለዋል። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ከጓደኞቼ ብዙም ወደ ኋላ አልቀረሁም። ያ ልጅ አስተማሪዬ ነበር? አስታማሚዬ ነበር? ወይስ ወንድሜ? በዚያ ቤት እነዚህ ሦስቱ አይለያዩም።

በመጽሐፍም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሳውል አምኖ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ሁሉም ፈሩት፤ እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው በርናባስ ነው (ሐዋ. 9፥26-27)። ቅዱስ ጳውሎስን የምታህል ዕንቁ እንኳ አስተዋዋቂ ሰው አስፈልጓታል! አጵሎስም የተማረና አንደበተ ርቱዕ ሰው ሲሆን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ ግን በምኩራብ መካከል ተነሥተው አላሳፈሩትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው መንገዱን ይበልጥ ገለጡለት (ሐዋ. 18፥24-26)። እነዚህ ባልና ሚስት ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። ቤታቸውን ለመክፈት ግን የሥራቸው ዓይነት አልከለከላቸውም።

አባ ጳኩሚስንም አስቡ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 14 የምታከብረውን። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ገና ጣዖት አምላኪ ወጣት ሳለ፣ ለውትድርና ተይዞ ከሌሎች ምልምሎች ጋር በአንዲት ከተማ ተዘጋበት። ማታ ሰዎች ምግብና መጠጥ ይዘው መጡላቸው። ማን ናቸው ብሎ ቢጠይቅ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ የሚራሩ ክርስቲያኖች ናቸው አሉት። እርሱን ወደ ክርስትና የሳበው ይህ ነው። በኋላም በላይኛው ግብፅ በታቤኒሲ መነኮሳት አብረው የሚበሉበትን፣ አብረው የሚሠሩበትን የአንድነት ኑሮ ሠራ። ያን ምግብ ያመጡ ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። የማንን ልብ እንደ ከፈቱም ሳያውቁ ሳይሞቱ አልቀሩም።

ለዚህ ጉዳይ እኛ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም። አባቶቻችን ጽዋ ማኅበርን ሠርተዋል፣ ሰንበቴን ሠርተዋል። አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ሙሴው ማን እንደቀረ ይጠይቃል፤ የታመመ ካለ ድርሻው በሌማት ይሄድለታል። ያዘነ ይጽናናል፣ የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም። የንስሐ አባትም ቤት መጥተው፣ ጠበል ረጭተው፣ ልጆቹን በየስማቸው ጠርተው ይመርቁ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን የንስሐ አባታችንን የምናገኛቸው በስልክ ነው፤ አለዚያም ልቅሶ ላይ።

ምን ነካው? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኮንዶሚኒየም፣ በቅርቡም በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ለሠላሳ ዓመት አንድ ጽዋ የጠጡ ሰዎች በአራት አቅጣጫ ተበታትነዋል። አዲስ ሰፈር የገባው ሰው አዲሱ ደብር ሲሄድ እንግዳ ነው፤ ወደ ድሮው ደብር እንዳይሄድ ሁለት ታክሲ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤ የወጡ ወጣቶችም እንዲሁ፤ እዚያ እያሉ በዶርማቸው ሳይቀር የሚጠያየቁት፣ ሥራ ይዘው ከተማ ሲገቡ ማንም አያውቃቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የራሳችን ነው፣ እሱን ማንም አላመጣብንም። ማኅበሩን ድግስ አደረግነው። እገሊት ሁለት በግ ካረደች እኔ እንዴት በአንድ እወጣለሁ ማለት መጣ። ተራዋ ሲደርስ ተበድራ የደገሰች እናት በሚቀጥለው ዓመት «አልመቸኝም» ብላ ትወጣለች። አልመቸኝም ያለችው አልቻልኩም ማለቷ ነው። ድሀ የማይችለው ማኅበር በቅዱስ ስም መጠራቱ ያሳዝናል። ለዚህ ነው በጾም መጀመር ጥሩ የሚሆነው፤ በጾም ሁላችንም ሽሮ ነን። ቆሎና ቡና፣ ሲበዛ አንድ ዳቦ። እንዲህ ያለ ተራ ማንን ያስፈራል?

ሦስተኛው ደግሞ ሐሜት ነው። እዚህ ላይ ዋሽቼ ላስደስታችሁ አልፈልግም። ችግሯን በማኅበር አውጥታ በሳምንቱ ገበያ ላይ ሲወራ የሰማች እህት አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም፣ ብትመለስም ደግማ አፏን አትከፍትም። ለእርሷ «ተቀራረቡ» ብሎ መስበክ ቁስል ላይ ጨው ነው። ስለዚህ ሁሉን ለሁሉ እንናገር አልልም። ኃጢአት የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው። ከጎረቤት የሚፈለገው የኃጢአታችንን ዝርዝር ማወቅ አይደለም፤ መኖራችንን ማወቅ ነው። መቅረታችንን ማወቅ ነው። ይህን ያህል ለማወቅ ምሥጢር መስማት አያስፈልግም፣ ስም መጠየቅ ይበቃል። ታዲያ የኛ ክፉ ልማድ ገልባጣ ነው፤ የሰውን ገመና እናውቃለን፣ የክርስትና ስሙን ግን አናውቅም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ ያገባናል ወይ? እኔ ያገባናል ነው የምለው፤ ትሩፋት ነው ብዬም አላልፈውም። ምክንያቴም ይህ ነው። ከአንድ ኅብስት የምንቆርብ ሰዎች ነን። ቅዱስ ጳውሎስ አንዱ ብልት ሲታመም ብልቶች ሁሉ አብረው እንዲታመሙ ጽፏል (1ቆሮ. 12፥26)። እግሬ አብጦ ሰባት ሳምንት ባላውቅ ሐኪሙ ስለ እግሬ ብቻ አይደለም የሚያስበው። ስሜት ያጣ አካል አለው ይላል። የእኚያ አባት እግር ሲያብጥ እኔ አልተሰማኝም። ታዲያ የታመመው ማን ነበር?

ታላቁ ባስልዮስም ብቻውን የሚኖር ሰው የጌታን ትሕትና ሊከተል ሲፈልግ የማንን እግር ያጥባል ብሎ ጠይቋል። እርሱ የጠየቀው በገዳም ስለሚኖሩት ነው። እኛ ደግሞ በዐሥር ሺህ ሕዝብ መካከል ቆመን እግሩን የምናጥበው ሰው አጥተናል።

ብዙ አታድርጉ። ሕዝቡን ሁሉ ማወቅ አይቻልም፤ ልሞክር ያለ ሰው በሁለት ሳምንት ሰልችቶት ይተወዋል። በመጻጉዕ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ጠበሉን ቀምሳችሁ ስትወጡ፣ አጠገባችሁ የቆመውን አንድ ሰው «ማን ልበል?» በሉት። መልሱን በቤታችሁ በጸሎት ጊዜ አንሡት። በሚቀጥለው እሑድ ካልመጣ ጠይቁ። ነዳያኑንም በብር ብቻ አትለፏቸው፤ ስለ ደብሩ ሕዝብ ከጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የበለጠ ያውቃሉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠፋብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እኒያን እናት ነው።

እኚያ አባት እስከ ፍልሰታ ድረስ ቆይተው ዐረፉ። በመካከሉ ካህን ይዘንላቸው ሄደን በቤታቸው ቆርበዋል፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት አራት ልጆችም በየተራ እየሄዱ ዳዊት ያነቡላቸው ነበር። ከልጆቹ አንዱ በአነባበቡ ሲሳሳት እርሳቸው በቃላቸው ያርሙት እንደነበር ነግሮኛል። በፍትሐታቸው ዕለት የክርስትና ስማቸውን ማን ይንገረን ብለን አልተቸገርንም።

አሁን በዚያ በሁለተኛው ዓምድ ሥር አንድ ወጣት ይቆማል። የደብተር ቦርሳ ይይዛል፣ ቶሎ ይመጣል፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ግን ማንንም ሳያናግር ይወጣል። ስሙን እጠይቀዋለሁ ካልሁ ሦስት እሑድ ሆነኝ፤ እኔ ከመቅደስ እስክወጣ እርሱ በሩን አልፎ ይሄዳል። በዚህኛው እሑድ እኒያን እናት በሩ ላይ ትንሽ እንዲያቆዩልኝ አደራ ብያቸዋለሁ።